ቦረቦር፦ አምስት የትምህርት ዓይነቶች አንድ ጨዋታ የሚሠሩበት መንገድ

ገበጣ ሲጫወቱ ማንም «ከሰባት አራት ሲቀነስ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እጁ ላይ ያለው ጠጠር የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅ ቀድሞ ያላሰላ ግን ይሸነፋል። ስሌቱ ያለው ጨዋታው ውስጥ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚሠሩት ትምህርታዊ ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደሉም። ዳይስ ይጣላል፣ ካርድ ይነሣል፣ ካርዱ «የአባይ ምንጭ የት ነው?» ይላል፣ ሰከላ ግሽ አባይ ብሎ የመለሰ ሦስት ቤት ወደፊት ይሄዳል። ይህ ዳይስ የተጨመረበት ፈተና ነው። ትምህርቱ በጨዋታው ደንብ ውስጥ ካልገባ፣ ተማሪው የሚማረው ከፈተና የሚማረውን ያህል ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ የሒሳብ፣ የጂኦግራፊ (ከባዮሎጂ ወይም ከግብርና ጋር)፣ የአማርኛ፣ የሥነ ጥበብና የዜግነት መምህራን ተባብረው ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ከዜሮ የሚሠሩበትን መንገድ ያሳያል። የጨዋታው ስም ቦረቦር (ጎርፍ ማሳ ውስጥ የሚቆፍረው ገደል) ነው። አራት ቤተሰቦች ከተራራ ጫፍ እስከ ቆላ አንዱ ከሌላው በታች ሰፍረው ያርሳሉ፤ የላይኛው ያልያዘው ጎርፍ የታችኛውን ማሳ ይበላል። ወይ ሁሉም አብረው ያሸንፋሉ፣ ወይ ሁሉም አብረው ይሸነፋሉ። ጉዳዩ ለጎጃም ተማሪ ሩቅ አይደለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ አባይ ሲወርዱ ክረምት ላይ ውሃቸው ለምን እንደሚደፈርስ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

ጊዜና ሰው

አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ (80 ደቂቃ) ይበቃል። ሚያዝያና ግንቦት ይመረጣል። መሬቱ ደርቆ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል፤ ሰኔ ሲገባ ግን ዝናቡም የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናም አንድ ላይ ይመጣሉ።

አንድ ጨዋታ የሚሠራው 20 ተማሪ ነው፣ አራት አራት ሆነው በአምስት ቡድን። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው ሦስት ጨዋታ በጎን ለጎን ይሠራ። ይህ ችግር ሳይሆን ጥቅም ነው፤ በኋላ አንዱ የሌላውን ደንብ ሲሞክር አይቶት የማያውቅ ሰው ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ለአንድ ጨዋታ የሚያስፈልገው ዕቃ

• ተተርትሮ የተዘረጋ አንድ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ለመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ አሮጌ ካርቶን
• 48 ባቄላ (አፈር)፣ 80 የበቆሎ ፍሬ (እህል)፣ 12 ጠጠር (ጉልበት)
• 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 16 የቀርከሃ ስንጣሪዎች (እርከን)
• 16 የቀይ ጨርቅ ቁራጭ (ቦረቦር)
• 2 ዳይስ፣ 4 ኩባያ፣ የማይለቅ ማርከር
• ለልኬቱ 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ፣ በሳንቲ ሜትር የተሰመሩ ሁለት ባለ 2 ሜትር እንጨቶች

ባቄላና በቆሎ በነቀዝም በአይጥም ይበላል። ጨዋታው ከአንድ ወቅት በላይ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በሁለት ቀለም በተቀቡ የለስላሳ ቆርኪዎች ተኩት።

አንደኛ ሳምንት፦ ከክፍል ውጭ

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የታረሰ ተዳፋት ምረጡ፤ ባለማሳውን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሁለት ተማሪዎች እንጨቶቹን ይዘው አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች 10 ሜትር ተራርቀው ይቁሙ። ሲባጎው ይወጠር፣ ውሃ ልኩ ልክ 5 ሜትር ላይ ይንጠልጠል። የታችኛው ተማሪ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ ሲባጎውን በእንጨቱ ላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሲባጎው በላይኛው እንጨት 20፣ በታችኛው 140 ሳንቲ ሜትር ላይ ካረፈ ልዩነቱ 1.2 ሜትር ነው፤ በ10 ሜትር ሲካፈል ተዳፋቱ 12 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። ሲባጎ በክብደት መሐሉ ላይ ይረግባል። ውሃ ልኩ ከመሐል ፈቀቅ ካለ የረገበውን ሲባጎ ዘንበል ይለካል እንጂ የመሬቱን አይለካም። ስለዚህ 5 ሜትሩ ላይ አስቀድማችሁ ቋጠሮ አስሩ። ከዚያ ውሃ ልኩን አዙራችሁ አንጠልጥሉና ድገሙት። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ መሣሪያው ራሱ የተዛባ ነው፤ አማካዩን ውሰዱ።

ልኬቱ በሚካሄድበት ሰዓት የአማርኛው ቡድን አጠገብ ያሉ አረጋውያንን ይጠይቅ። «ይህ ቦረቦር እርስዎ ልጅ ሳሉ ምን ያህል ነበር? በምን ጀመረ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። ቃላቱ እንደተነገሩ ይጻፉ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል ቢለዩም አይታረሙ፤ ጨዋታው የሚናገረው በእነዚያ ቃላት ነው። የጂኦግራፊና የባዮሎጂው ቡድን ደግሞ ዳር ዳሩን የያዘው ሣር ምን እንደሆነ፣ ሥሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ይመዝግብ፤ ደሾ ሣር የተተከለበት እርከን ካለ ካልተተከለበት ጋር ያነጻጽር።

የጂኦግራፊ መምህሩ አንጀኒን ማንሳት አለባቸው። ደምበጫ አጠገብ ያለው ይህ ተፋሰስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካበት የቆየ የምርምር ቦታ ነው። እዚያ የተሠራው ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን ነው፤ ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን፣ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል ይወረወርበታል። ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ ከእርከኑ ኋላ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ደረጃ ይሠራል። ተማሪው «እርከን አፈር ይይዛል» የሚለውን ደንብ ሲጽፍ ጨዋታ ለማሳመር ብሎ እንዳልፈጠረው ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ደንቡና አስቀያሚው ሰሌዳ

ከዚህ በታች ያለው መነሻ ደንብ ነው። ተማሪዎቹ ይለውጡታል፤ መጀመሪያ ግን እንዳለ ይጫወቱት።

1. ሰሌዳው በ4 ረድፍና በ4 ዓምድ 16 ማሳ አለው። ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ናቸው። አንድ ረድፍ የአንድ ቤት ነው። እያንዳንዱ ማሳ በ3 አፈር ይጀምራል።

2. ሥራ። በየዙሩ እያንዳንዱ ቤት 3 ጉልበት አለው። አንድ ማሳ ማረስ 1፣ አንድ እርከን መሥራት 2 ጉልበት ይፈጃል። ያረሰበት ጠጠር ዙሩ እስኪያልቅ ማሳው ላይ ይቆያል። እርከን አንዴ ከተሠራ አይፈርስም፤ ግማሽ እርከን የለም።

3. ምርት። የታረሰ ማሳ በላዩ ባለው አፈር ልክ እህል ይሰጣል።

4. ዝናብ። ሁለቱ ዳይሶች ይጣሉና ይደመራሉ። 2፣ 3 ወይም 4 ከሆነ ዝናቡ አጥሯል፤ እያንዳንዱ ቤት ከጎተራው 2 እህል ያጣል። 5፣ 6፣ 7 ወይም 8 ከሆነ፣ ታርሶ እርከን የሌለው ማሳ ሁሉ 1 አፈር ያጣል። 9፣ 10፣ 11 ወይም 12 ከሆነም እንዲሁ 1 ያጣል፤ በዚያው ዓምድ ከራሱ በላይ ያለው ማሳም ታርሶ እርከን ከሌለው ግን 2 ያጣል።

5. ቀለብ። እያንዳንዱ ቤት 4 እህል ይበላል። ያልሞላለት በሚቀጥለው ዙር 2 ጉልበት ብቻ ይኖረዋል።

6. ቦረቦር። አፈሩ ያለቀ ማሳ ቀይ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ከዚያ ወዲያ አይታረስም። ከሥሩ ያለው ማሳ ዝናቡ 5 ወይም ከዚያ የሚበልጥ በሆነ ቁጥር፣ እርከን ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ተጨማሪ 1 አፈር ያጣል።

7. ወንፈልና ደቦ። አንድ ቤት ከሌላው ቤት 1 ጉልበት በወንፈል መውሰድ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን መመለስ አለበት። ደቦ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። ጠሪው ለድግሱ 2 እህል ያወጣል፣ ሦስቱም ቤቶች አንድ አንድ ጉልበት ይሰጡታል፤ ጉልበቱ ለእርከን ብቻ ይውላል።

8. ጨዋታው 6 ዙር ነው። መጨረሻ ላይ ቦረቦሩ ከ2 ካልበለጠና ሁሉም ቤት የመጨረሻውን ዙር ቀለብ ከቻለ ሁሉም አሸንፈዋል።

የመጀመሪያው ሰሌዳ በእርሳስ፣ በአሮጌ ካርቶን ላይ፣ በ15 ደቂቃ ይሠራ። የሥነ ጥበብ ቡድኑ እዚህ ላይ ቅር ይለዋል፤ እጁ ለጥሩ ነገር ስለተዘጋጀ ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን የተደከመበትን ሥዕል ማንም መሰረዝ አይፈልግም። ሰሌዳው ቶሎ ካማረ ደንቡ መለወጡን ያቆማል፣ ትምህርቱም እዚያው ይቆማል። ይልቅስ በዚህ ሳምንት የሥነ ጥበብ ቡድኑ አፈሩ፣ እህሉና ጉልበቱ በምን እንደሚለዩ ይወስን። በቀለም ብቻ መለየት አይበቃም፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ልጆች አሉ። ለውርጭ ጅብራ፣ ለደጋ የገብስ ዛላ፣ ለወይና ደጋ ጤፍ፣ ለቆላ ማሽላ መሳል ረድፎቹንም ያለ ቀለም ይለያል።

በረድፎቹ ላይ የከፍታ ቁጥር ይጻፍ። ቆላ እስከ 1,500፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300 ሜትር የሚደርሰው ነው። ውርጩ የሚጀምርበትን አንዳንዱ 3,200፣ አንዳንዱ 3,300 ሜትር ያደርገዋል፤ ክፍሉ አንዱን ይያዝና ምክንያቱን ይጻፍ።

ሦስተኛ ሳምንት፦ የሒሳቡ ቡድን ሚዛኑን ያስይዛል

ጨዋታው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ ሙሉውን 80 ደቂቃ ስጡት።

መጀመሪያ የሁለት ዳይስ ድምር በ6 በ6 ሠንጠረዥ ይዘርዘር። 36 ውጤቶች አሉ። ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት 6፣ ከ5 እስከ 8 የሚሆኑት 20፣ ከ9 እስከ 12 የሚሆኑት 10 ናቸው። በስድስት ዙር ውስጥ በአማካይ አንድ ጊዜ ዝናብ ያጥራል ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ ያለ እርከን የታረሰ ማሳ፣ በላዩ ያለውም እንደዚያው ከሆነ፣ በዙር ስንት አፈር እንደሚያጣ ይሰላ፦ 20 ጊዜ 1፣ ሲደመር 10 ጊዜ 2፣ ለ36 ሲካፈል። 40 ለ36፣ ከ1 ትንሽ ይበልጣል። የላይኛው የውርጭ ረድፍ ግን በላዩ ማሳ ስለሌለ የሚያጣው 30 ለ36 ነው። ከታች ያለው ቤት ለምን ቶሎ እንደሚጎዳ ተማሪው እዚህ በቁጥር ያየዋል።

ከዚያ ሁለቱን አኗኗር አስተያዩ። እርከን ጨርሶ የማይሠራ ቤት ከአንድ ማሳ በግርድፉ 3፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1፣ በጠቅላላው 6 እህል ያገኛል። ከአራቱ 24። ቀለቡም በ6 ዙር 24 ነው። ሆድ ይጠግባል፣ መጨረሻ ላይ ግን የሚታረስ መሬት አይኖርም። እርከን የሚሠራ ቤት ደግሞ ካለው 18 ጉልበት 8ቱን ለአራት እርከን ያውላል፣ 10 ይቀረዋል፤ አፈሩ ካልተነካ 30 እህል ይሰጠዋል። ከቀለቡ የሚተርፈው 6 ዝናብ ባጠረበት ዙር ይደርስለታል።

ተማሪዎቹ አሁን ቁጥሮቹን ይነካኩ። ቀለቡን 5 ቢያደርጉ በ6 ዙር 30 ይሆናል፤ አንድ የዝናብ እጥረት ከመጣ አራት እርከን የሠራው ቤት እንኳ ቀለቡን በሙሉ አይሞላም። 3 ቢያደርጉት 18 ይሆናል፤ ያኔ ወንፈልም ደቦም የሚጠራ አይኖርም፣ ጨዋታው ይሰለቻል። በአንድ ሙከራ አንድ ቁጥር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ከተለወጠ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ምርቱ ከዝናቡ በፊት የሚቆጠርበት ምክንያት ሁልጊዜ ይጠየቃል። ከዝናቡ በኋላ ከተቆጠረ በመጀመሪያው ዙር 9 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ እርከን ሳይሠራ ሦስት ማሳ ያረሰ የቆላ ቤት፣ በላያቸው ያሉት ማሳዎችም ታርሰው እርከን ከሌላቸው፣ ከ9 እህሉ 3 ብቻ ይቀረዋል፤ አንዲት ውሳኔ እንኳ በወጉ ሳይወስን ይራባል። የዘንድሮ ጎርፍ በዋናነት የሚጎዳው የከርሞውን ምርት ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ከመሬቱም እውነት ጋር ይስማማል።

ዳይሱ በእጅ ከባሕር ዛፍ እንጨት ከተጠረበ (ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ተቃራኒ ገጾች ድምራቸው 7) መፈተን አለበት። 120 ጊዜ ጣሉት፤ እያንዳንዱ ገጽ ወደ 20 ጊዜ ይጠበቃል። ከ10 ያነሰ ወይም ከ30 የበለጠ የወጣ ገጽ ካለ ጎኖቹን በማስመሪያ ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጎን አጥሮ ወይም ጠርዙ ክብ ሆኖ ይገኛል። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና እንደገና ፈትኑት። ካልተሳካ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን ስድስት ስድስት እኩል የካርቶን ቁራጮች ከሁለት ከረጢት እያወጣችሁ መልሱ። ቁራጮቹ ካልተካከሉ ልጆቹ በእጃቸው ዳብሰው ይለዩአቸዋል።

አራተኛ ሳምንት፦ ደንቡ ብቻውን ይናገር

የአማርኛው ቡድን ደንቡን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱና ሰሌዳው ለሌላው 20 ተማሪ ይሰጣል። ጸሐፊዎቹ ከጎን ይቀመጣሉ፣ አይናገሩም። ጥያቄ ሲነሣ አይመልሱም፤ ጥያቄውንና የተነሣበትን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይመዘግባሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ መምህሩም ማስረዳት ስለለመዱ ለእሳቸውም ይከብዳል። መከበር ግን አለበት፤ አንድ ቃል እንኳ በአፍ ከተነገረ የተሞከረው ጽሑፉ መሆኑ ይቀራል።

በአማርኛ ደንብ ላይ ደጋግመው የሚያሰናክሉት እነዚህ ናቸው። «ከ9 በላይ» ሲባል 9ን የሚጨምረውም የማይጨምረውም አለ፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይዘርዘሩ። «ተራ» እና «ዙር» ይምታታሉ፤ ተራ የአንድ ቤት፣ ዙር የአራቱም መሆኑ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ። «ያርሳል» ግዴታ ይሁን ፈቃድ አይታወቅም፤ «ማረስ ይችላል» ወይም «ማረስ አለበት» ይባል። «ይመልሳል» ሲባል ለማን፣ መቼ? «ከላይ ያለው ማሳ» የላይኛው ረድፍ በሙሉ ነው ወይስ በዚያው ዓምድ ያለው? ለቅኔ ሰምና ወርቅ ውበቱ ነው፤ ለጨዋታ ደንብ ግን ሁለት ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ጠብ ያመጣል። ይህንን ልዩነት ተማሪው ከሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይልቅ እዚህ በደንብ ይይዘዋል።

በዚሁ ሳምንት የዜግነት ቡድኑ የራሱን ፈተና ያካሂድ። ጨዋታው አንድ ጊዜ ወንፈልና ደቦ ባለበት፣ አንድ ጊዜ በሌለበት ይጫወቱት። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካልታየ የ7ኛው ደንብ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው፤ ዋጋው ይስተካከል። ይህንኑ ፈተና ለየትምህርቱ ድርሻ አድርጉት፦ ደንቡን ሸፍናችሁ ተጫወቱ፣ ምንም ካልጎደለ ትምህርቱ አልገባም።

እዚህ ላይ የሚታይ ሌላ ጉድለት አለ። አብሮ በሚሸነፍና በሚያሸንፍ ጨዋታ አንድ ፈጣን ተማሪ አለቃ ሆኖ ሁሉንም ያዛል፣ ሦስቱ እጃቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። መፍትሔው ምክር ሳይሆን ደንብ ነው። የየቤቱ እህል በኩባያ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ስንት እንዳለው መናገር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ይሁን፤ የሌላን ቤት ጠጠር የነካ በዚያ ዙር 1 ጉልበት ይጣ። ይህ ሲሆን ወንፈል ለመጠየቅ መነጋገር ግድ ይሆናል።

አምስተኛ ሳምንት፦ ሰሌዳው በከረጢት ላይ

ከረጢቱ ይተርተር፣ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የማዳበሪያ ብናኝ ቆዳ ስለሚያቃጥል አጣቢው ጓንት ወይም ፌስታል እጁ ላይ ያድርግ። ጽሑፍ የሌለበት ገጽ ወደ ላይ ይዞር። አንድ ማሳ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አራቱ 48 ይሆናሉ፣ ዳር ዳሩን 5 ሳንቲ ሜትር ለከፍታ ቁጥሩና ለዝናብ ሠንጠረዡ ተዉት። የውሃ ቀለም ፕላስቲክ ላይ አይይዝም፣ ሲታጠፍ ይረግፋል፤ የማይለቅ ማርከር ወይም በስሱ የተቀባ የዘይት ቀለም ይሻላል። የዘይት ቀለም ከተቀባ ሁለት ቀን ሳይደርቅ አይጠቅለል። የቀርከሃው ስንጣሪ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ሁለቱም ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

ውጤት አሰጣጥ

ያሸነፈውን ወይም ያማረውን አትሸልሙ። የሚታረመው የሙከራ መዝገቡ ነው። በየሙከራው ቀኑ፣ የተጫወቱት፣ የተለወጠው አንድ ነገር፣ ለውጡ ምን ያመጣል ተብሎ እንደታሰበ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጻፍበታል። ስድስት ሙከራ ያለው መዝገብ ጥሩ ነው። የታሰበውና የሆነው ሁልጊዜ የሚስማማበት መዝገብ በኋላ ተቀምጦ የተሞላ ሳይሆን አይቀርም። አምስቱ መምህራን እያንዳንዳቸው ከመዝገቡ የራሳቸውን ክፍል ያርማሉ፤ ሒሳቡ ስሌቱን፣ አማርኛው የደንቡን ፊተኛና ኋለኛ ጽሑፍ፣ ጂኦግራፊው ልኬቱን።

ተማሪዎች አዲስ ደንብ ሲያመጡ አንዱ ሲገባ አንዱ ይውጣ። ደንቡ ከአንድ ገጽ ካለፈ የሚጫወተው የለም። ከሚመጡት ሐሳቦች ተደጋጋሚው «ያደረ ማሳ አፈር ይመለስለት» የሚለው ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ይህን በችኮላ አይፍቀዱ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይወስዳል፣ ጨዋታው ደግሞ 6 ዙር፣ ማለትም 6 ዓመት ብቻ ነው። «ፍግ የተጨመረበት የታረሰ ማሳ በዚያ ዙር 1 እህል ይጨምር፣ አፈሩ ግን አይጨምር» ብሎ የሚያሻሽል ቡድን ካለ ጉዳዩ ገብቶታል።

ቆላ ያለ ትምህርት ቤት የውርጩን ረድፍ አውጥቶ ሦስት ቤት ብቻ ማድረግ ይችላል። ያኔ ማሳው 12፣ አፈሩ 36 ይሆናል፤ ደቦ የሚያመጣው ጉልበት ከ3 ወደ 2 ስለሚወርድ ድግሱን 1 እህል አድርጉት፣ የሚፈቀደውን ቦረቦርም ወደ 1 ዝቅ አድርጉና ከሦስተኛው ሳምንት ስሌት እንደገና ጀምሩ።